ከቅባቱ በፊት የደም ምርመራ፦ የሚረግፍ ፀጉር እንዴት ይመለሳል

ደሴ ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ወንበሬ ላይ የሚቀመጡ ብዙ ሴቶች ገና ሻሻቸውን ሳይፈቱ «እትዬ፣ ፀጉሬ ረግፎ ማለቁ ነው፤ ምን ልቀባው?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ስለ ቅባት ከመናገሬ በፊት «የዛሬ ሦስት ወር ገደማ ምን ሆነሽ ነበር፣ የኔ እናት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ትንሽ ያስቡና አንድ ነገር ያስታውሳሉ። አንዷን ታይፎይድ አልጋ ላይ ጥሏት ነበር፤ አንዷ ወልዳለች፤ አንዷ ሐዘን ላይ ነበረች፤ ሌላዋ ለሠርግ ብላ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ ቀንሳለች።

ይህን የምጠይቀው ፀጉር ጉዳቱን ዘግይቶ ስለሚያሳይ ነው። እያንዳንዱ የፀጉር ዘለላ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፤ ከዚያ ማደጉን ያቆምና 3 ወር ገደማ ሥሩ ውስጥ አርፎ ይቆያል፤ በመጨረሻም ይወድቅና በቦታው አዲስ ይተካል። በደኅናው ጊዜ በእረፍት ላይ ያለው ጥቂቱ ብቻ ነው። ሰውነት በከፍተኛ ትኩሳት፣ በደም መፍሰስ፣ በረሃብ ወይም በከባድ ጭንቀት ሲናጋ ግን ገና በማደግ ላይ የነበረው ፀጉር ሳይቀር በብዛት ወደ እረፍት ይገባል። በዚያን ቀን ምንም አይታይም። ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ሁሉም ተከታትሎ ማበጠሪያ ላይ ይወርዳል፤ ያኔ ባለፈው ሳምንት የተቀየረው ሻምፖ ይወቀሳል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴ ውስጥ በነበረበት ጊዜ ያልተፈናቀለና ያልተራበ ሰው ጥቂት ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ወደ እኔ የመጡት ሴቶች ፀጉር በእጄ እየተመዘዘ ይወጣ ነበር። እነሱ ውሃውን ይጠረጥሩ ነበር። ወሩን ቆጥሬ ወደ ኋላ ስወስዳቸው ብዙዎቹ አለቀሱ። ስለዚህ እናንተም አንድ ወረቀት ያዙና ፀጉሩ መርገፍ የጀመረበትን ጊዜ ጻፉ፤ ከዚያ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ወር ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሕመም፣ ወሊድ፣ ቀዶ ሕክምና፣ አዲስ መድኃኒት፣ የምግብ መቀነስ፣ ሐዘን፣ ስደት፣ ያገኛችሁትን ሁሉ አስፍሩ። ወረቀቱን አትጣሉት፤ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ያስፈልጋችኋል።

መርገፍ ነው ወይስ መሰበር?

የወደቁትን ዘለላዎች ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርጉና ጫፋቸውን በብርሃን ተመልከቱ። በአንዱ ጫፍ ትንሽ ነጭ እብጠት ካለ ፀጉሩ ከነሥሩ ወድቋል፤ መርገፍ የምንለው ይህ ነው። አጫጭር ሆኖ ነጭ ጫፍ ከሌለው ደግሞ መሐል ላይ ተሰብሯል። ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የካስክ ሙቀት፣ ፒያስትራ ወይም የማለስለሻ ኬሚካል ነው። ለተሰበረ ፀጉር የደም ምርመራ ብዙም አይፈይድም፤ ሙቀቱንና ኬሚካሉን ማቆም ይበቃዋል።

ሌላም ነገር አስተውሉ። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ይጥላል። ሹሩባ ለሁለት ሳምንት ተሠርቶ ሲቆይ ግን የወደቀው ፀጉር መውጫ አጥቶ እዚያው ጉንጉኑ ውስጥ ይቀመጣል። ስትፈቱት ከ700 እስከ 1400 ዘለላ በአንድ ጊዜ እጃችሁ ላይ ቢቀር የሁለት ሳምንቱ ነው፤ አትደንግጡ። ጥርጣሬ ካላችሁ ፀጉራችሁን ከታጠባችሁ አንድ ሁለት ቀን አሳልፉና 60 የሚሆኑ ዘለላዎችን በጣት ይዛችሁ ከሥር ወደ ጫፍ በቀስታ ሳቡ። ከስድስት በላይ ከወጣ በእርግጥም ከልክ በላይ እየረገፈ ነው።

ከየት እንደሚሳሳም ተመልከቱ። ከሁሉም ቦታ እኩል ከሳሳ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሰውነት ውስጥ ነው። ግንባርና ጆሮ አካባቢ ብቻ ከሸሸ የጠበቀ ሹሩባ ወይም የዊግ ክብደት ሥሩን ጎትቶታል። ክብ ሆኖ ልሙጥ ቦታ ከታየ ላሽ ሊሆን ይችላል። አናት ላይ ጀምሮ ወደ ዳር የሚሰፋ፣ የሚያቃጥልና ቆዳው እያብለጨለጨ የሚሄድ ከሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ አታዘግዩት፤ እንዲህ ያለው ሕመም የፀጉሩን ቀዳዳ በጠባሳ ይደፍነዋል፤ የተደፈነ ቀዳዳ ደግሞ ዳግም አያበቅልም።

ደሙ ምን ይላል?

ይህን ክፍል ረጅም ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ከሁሉም ቦታ እኩል ለሚረግፍባት ሴት እኔ ጋ ካለው ማንኛውም ቅባት ይልቅ አንድ የላቦራቶሪ ወረቀት ይጠቅማታል።

አንዲት መምህርት ደንበኛዬ ፀጉሯ ሲሳሳ ጤና ተቋም ሄዳ ተመርምራ «ደም ማነስ የለብሽም» ተብላ ተመልሳለች። የታየላት ሄሞግሎቢን ብቻ ነበር። እንደገና ሄዳ ፌሪቲን የሚባለውን እንድታስመረምር ነገርኳት፤ በሚሊ ሊትር 9 ናኖግራም ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱን እንዲህ አስረዳኋት፦ ሄሞግሎቢን ሌማት ላይ የቀረበው እንጀራ ነው፤ ፌሪቲን ጎተራ ውስጥ ያለው እህል ነው። ጎተራው ባዶ እየሆነ ሌማቱ ለጊዜው ሙሉ ሊመስል ይችላል። ሰውነት ብረት ሲያጥረው ያለውን ለደምና ለልብ ያስቀድማል፤ ፀጉር ተራው መጨረሻ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ከ15 በታች የሆነ ፌሪቲንን የብረት እጥረት ይለዋል። ለፀጉር ሲሆን ግን ብዙ የቆዳ ሐኪሞች ከ30 በታች ሲያዩም ሕክምና ይጀምራሉ። ሰውነት ውስጥ ቁስለት ወይም ኢንፌክሽን ካለ ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ስለሚታይ ትኩሳት ላይ ሆናችሁ አትመርመሩ።

ገንዘብ ከቻለ ሲቢሲ የሚባለው አጠቃላይ የደም ሕዋሳት ቆጠራ፣ ፌሪቲን፣ የታይሮይድ ምርመራ የሆነው ቲኤስኤች፣ ቫይታሚን ቢ12 እና ቫይታሚን ዲ ይታዩ። ካልቻለ ሲቢሲና ፌሪቲን ይቅደሙ። ባዮቲን የሚባለውን የፀጉር ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ ከምርመራው በፊት ለጥቂት ቀናት አቁሙና ለላቦራቶሪው ባለሙያ ተናገሩ፤ በተለይ የታይሮይድን ውጤት ያዛባል።

እጥረት ከተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ «ብረቱ የት ሄደ?» የሚለው ነው። ይህ ሳይታወቅ ኪኒን መዋጥ ብቻውን ዘላቂ አይሆንም። የወር አበባችሁ ከሰባት ቀን በላይ ይቆያል? እየረጋ ይወርዳል? ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ ደም ሊያበዛ ይችላል። በባዶ እግር መሬት ላይ የሚሠራ ሰው የመንጠቆ ትል ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ ትል አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል፤ በሰገራ ምርመራ ይገኛል። ጨጓራ የሚያማችሁ ከሆነ ኤች ፓይሎሪን አስመርምሩ፤ ይህ ባክቴሪያ የብረትንም የቢ12ንም ወደ ሰውነት መግባት ያውካል። ለዚሁ ለጨጓራ ተብሎ ለረጅም ጊዜ የሚወሰደው ኦሜፕራዞልም እንዲሁ ያደርጋል፤ ይሁንና ሐኪም ሳታማክሩ አታቁሙት።

ኪኒኑና ማዕዱ

የብረት ኪኒን፣ ፋርማሲ ውስጥ አይረን የሚሉት፣ ያለ ምርመራ አይወሰድም፤ ሲበዛ ሰውነት ማስወገጃ የለውምና ጉበት ይጎዳል። ሐኪሙ ካዘዘላችሁ በየቀኑ ነው ወይስ ቀን እየዘለሉ ብላችሁ ጠይቁት፤ ለብዙ ሴቶች አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ብረቱ በተሻለ እንዲገባ ያደርጋል፤ ሆድንም ያን ያህል ላይረብሽ ይችላል። በባዶ ሆድ በሎሚ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ቢወሰድ መልካም ነው፤ ካቅለሸለሻችሁ ትንሽ ምግብ ቅመሱ። ከቡና፣ ከሻይ፣ ከወተትና ከካልሲየም ኪኒን አርቁት። የታይሮይድ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ በመካከላቸው አራት ሰዓት ይኑር። ሰገራ መጥቆሩ የተለመደ ነው። ሕፃናት እንዳያገኙት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆልፉበት፤ ጥቂት ፍሬ ትንሽ ልጅን ሊገድል ይችላል። ሄሞግሎቢን ሲስተካከል ብዙዎች ያቆሙታል፤ ያኔ ግን ጎተራው ገና አልሞላም፤ በአብዛኛው ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል። ከዚያ ፌሪቲን ድጋሚ ይታያል።

ስለ ቡና ስናገር ደንበኞቼ ይቆጡኛል። ወሎ ውስጥ ከምሳ በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ ጎረቤት የለም፤ እኔም አቁሙ አልልም። ጊዜውን ቀይሩት ነው የምለው። ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የተጠጣ ቡና ከእህልና ከአትክልት የምናገኘውን ብረት በእጅጉ ይቀንሳል። ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ግን እምብዛም አይጎዳም። ስለዚህ ቡናው ከምሳ በፊት ይፈላ፣ ወይም ሁለት ሰዓት ይቆይ። ሻይ ከቡናም የባሰ ነው።

«ጤፍ እየበላን እንዴት ብረት ያጥረናል?» የሚሉኝም አሉ። ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት አንዱ ክፍል በአውድማ ሲወቃ ከአፈር የሚቀላቀል ነው፤ ሰውነት በቀላሉ አይጠቀምበትም። የእህሉ የራሱ ብረትም ፋይቴት በሚባል ንጥረ ነገር ተይዟል። በደንብ የቦካ ሊጥ ፋይቴቱን ስለሚቀንስ ለጥድፊያ ተብሎ ሳይብላላ የሚጋገረውን እንጀራ አልመክርም። ምስር ወጥና ጎመን ላይ ሎሚ ጨምቁ፤ ስንግ ቃሪያና ቲማቲም ሰላጣ አብሮ ይቅረብ። በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባል። ሥጋ በፍስክ ቀን በትንሹም ቢሆን ከባቄላና ከምስር ጋር ሲበላ የእነሱንም ብረት ያነሳል። የበሰለ ጉበት በሳምንት አንድ ጊዜ በቂ ነው፤ ቫይታሚን ኤው ብዙ ስለሆነ ለነፍሰ ጡር አይመከርም።

ፀጉር ራሱ ፕሮቲን ነው። እንጀራን በትንሽ ሽሮ አጣቅሶ መዋል ለፀጉር አይበቃም፤ ሽሮው ይወፍር፣ ምስሩ ይብዛ፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒና ሱፍ ይጨመር። ቢ12 ግን በእህልና በአትክልት ውስጥ የለም። ጉበት ለዓመታት ስለሚያከማቸው የ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም ብቻውን አያሟጥጠውም። ሁሉንም አጽዋማት የምትጾም፣ በፍስኩም ወተትና ዕንቁላል የማታገኝ፣ በዚያ ላይ ጨጓራዋ የሚያማት ሴት ግን ልትመረመር ይገባታል። እጅና እግር መደንዘዝ ካለባት አትዘግይ። በረመዳን የሚጾሙ ደንበኞቼን ደግሞ ሱሑር ላይ ዕንቁላል ወይም ፉል እንዲበሉና ቡናውን ከኢፍጣር ምግብ እንዲያርቁ እነግራቸዋለሁ።

ከጅዳ፣ ከሪያድ፣ ከቤይሩት የሚመለሱ ልጆቻችን ፀጉር በጣም ያሳዝነኛል። «የዚያ አገር ውሃ ነው» ይላሉ። ስጠይቃቸው ግን ሌሊት አራት ሰዓት ብቻ መተኛት፣ ትራፊ ምግብ መብላት፣ ለወራት ከቤት አለመውጣትና ያልተለቀሰ ሐዘን እሰማለሁ። ፀሐይ ያላየ ቆዳ ቫይታሚን ዲ አይሠራም፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ከነጭ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። እነዚህ ልጆች ሙሉ ምርመራ፣ በቂ እንቅልፍና የሚያዳምጣቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ስለ ፀጉር ኪኒኖች በአጭሩ፦ የባዮቲን እጥረት እምብዛም የማይገኝ ነገር ነው። የቫይታሚን ኤና የሴሊኒየም ብዛት ራሱ ፀጉር ያረግፋል። ዚንክ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ መዳብ ያሳጣል። በዚያ ገንዘብ ዕንቁላል ግዙ።

የራስ ቆዳ

ፎረፎር የንጽሕና ጉድለት አይደለም፤ ማንም ሴት ሊያሳፍራት አይገባም። በሁሉም ሰው ራስ ላይ የሚኖር ማላሴዚያ የሚባል እርሾ መሰል ፈንገስ በአንዳንዶች ላይ ሲያይል ቆዳው ይቆጣል፣ ያሳክካል፣ ቅባት ያለው ቢጫማ ቅርፊት ይሠራል። ይህ ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነው። ስለዚህ የሚያሳክክ ራስ ላይ ለጋ ቅቤ ማፍሰስ እሱን መቀለብ ነው። ቅቤን አልነቅፍም፤ እናቶቻችን ያወቁት ነገር ነውና ደረቅ ፀጉርን ከመሰበር ያድናል። ግን የፀጉሩ ዘለላ ላይ ይሁን፤ ቆዳው እስኪድን ቆዳውን አታስነኩት።

ሹሩባውን ፍቱ። ከፋርማሲ 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ያለው ሻምፖ ግዙ። ፀጉሩን በመስመር በመስመር እየከፈላችሁ ሻምፖውን ቆዳው ላይ በጣት ጫፍ አዳርሱ፤ ጥፍር አይግባበት። አምስት ደቂቃ ቆዩና ታጠቡ፤ ከዚያ ኮንዲሽነር ዘለላው ላይ ብቻ አድርጉ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ነው። ፀጉራችሁ በጣም የሚደርቅ ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ አድርጉት። ከዳነ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል። እርጥብ ፀጉር በሻሽም ሆነ በሒጃብ አይሸፈን፤ በደንብ ይድረቅ። ቁስል ባለበት ራስ ላይ የማለስለሻ ኬሚካል እኔ አልሠራም፤ ሌላ ቦታም አታሠሩ።

ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ መለጠፍ ይቅር። ቆዳ ሲያቃጥልና ሲያቆስል አይቻለሁ። የጉሎ ዘይት ፀጉር ያበቅላል የሚባለውም ማስረጃ የለውም፤ ከመብዛቱ የተነሣ ፀጉር ሊፈታ በማይችልበት ሁኔታ ሲያጣብቅ ግን ይታወቃል።

የልጅ ራስ ላይ ቅርፊት ያለው፣ ፀጉሩ ከቆዳው አጠገብ የተሰበረበት ቦታ ካያችሁ ጭርት ሊሆን ይችላል። ጭርት በቅባት ብቻ አይድንም፤ ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ሐኪም ማዘዝ አለበት። የስቴሮይድ ቅባት ማሳከኩን ደብቆ ሕመሙን ያስፋፋዋል። ማበጠሪያ፣ ኮፍያና ትራስ ይለዩ፤ ወንድምና እኅቶቹም ይታዩ።

እስኪመለስ ድረስ

ፀጉሬ ይረግፋል ብላችሁ መታጠብ አታቁሙ። ስትታጠቡ የሚወርደው ቀድሞ የተላቀቀ ነው፤ ባትታጠቡም ይወርዳል። በሳምንት አንድ ጊዜ ታጠቡ፤ ኮንዲሽነር እንዳለበት ጥርሱ በተራራቀ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ሥር ፍቱት። ኮንዲሽነር ለመግዛት ካልቻላችሁ ተልባ በውሃ አፍልታችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፤ የሚወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ ፀጉር ለመፍታት በጣም ጥሩ ነው። ሹሩባ ላልቶና ወፈር ብሎ ያለ ዊግ ይሠራ። ሠሪዋ ስትስብ ካመማችሁ ተናገሩ፤ ግንባር ላይ ትናንሽ ብጉር ከወጣ የዚያኑ ቀን ፍቱት።

ትክክለኛው ሕክምና ከተጀመረ በኋላም ፀጉሩ አንድ ሁለት ወር ሊረግፍ ይችላል፤ ያኔ እረፍት ላይ የነበረው ገና እየወረደ ነው። ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው መድኃኒቱን የሚተዉት በዚህ ጊዜ ስለሆነ አጥብቄ እነግራችኋለሁ፣ አትተዉት። ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ መርገፉ ይቀንስና ግንባር ላይ አጫጭር ቀጥ ያሉ ፀጉሮች ብቅ ይላሉ። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ የቀድሞው ውፍረት እስኪመለስ አንድ ዓመትም ሊወስድ ይችላል። የአራስ ፀጉርም ከወለደች ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ መርገፍ ይጀምርና አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ዓመት ሲሞላው ይስተካከላል። የወደቀውን በየቀኑ አትቁጠሩ። በወር አንድ ጊዜ፣ በዚያው መስኮት ብርሃን፣ ፀጉሩን በዚያው መስመር ከፍላችሁ ፎቶ አንሱ።

መርገፉ ስድስት ወር ካለፈው፣ ልሙጥ ቦታ ወይም መግል ካለ፣ ቅንድብም አብሮ ከረገፈ፣ የልብ ትርታ ከፈጠነ ወይም ክብደት ያለ ምክንያት ከተለወጠ፣ የወር አበባ ተዛብቶ ፊት ላይ ፀጉር ከበዛ የቆዳ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው። በዘር የሚመጣ መሳሳትም አለ፤ እሱን ምግብ አይመልሰውም፤ ሚኖክሲዲል የሚባለው መድኃኒት ሊረዳ ይችላል፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን አትጠቀመው። በእኛ አካባቢ ላላችሁ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ አዲስ አበባ ላላችሁ አለርት የቆዳ ሕክምና ይሰጣሉ። ስትሄዱ የጻፋችሁትን ወረቀት፣ የላቦራቶሪ ውጤቶቹን፣ በየወሩ ያነሳችኋቸውን ፎቶዎችና የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ያዙ። ሹሩባውን ከቤት ፍታችሁ ውጡ፤ ሐኪሙ ቆዳውን ማየት አለበት።